እሁድ ጀልባ የለም

ሰፈሩ የሚጠራት «ሸኚዋ» እያለ ነው። ስሟን የሚያውቁት የቤቷ ሰዎችና የግብር መሥሪያ ቤቱ ብቻ ናቸው። ሥራዋ የጉዞ አማካሪነት ነው፤ ሰው ወዴት ይሂድ፣ በምን ይሂድ፣ የት ይደር የሚለውን ሁሉ ከፋርማሲውና ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ታበጃለች። ክፍሏ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበሮችና ፀሐይ የበላው የባሕር ፖስተር አላት። ባሕሩ ከመቆየቱ ብዛት የሻይ ቀለም ይዟል። ለምን አትቀይሪውም ሲሏት «ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ባሕር ሊያይ አይደለም፣ ሊጠየቅ ነው» ትላለች።

እውነቷን ነው። ሙያዋ ያለው አጠያየቋ ላይ ነው። ሌላው አማካሪ «የት መሄድ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጀምራል። እሷ ይህን ጥያቄ እንደ ስንፍና ነው የምትቆጥረው። የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የማይፈልገውን ግን ሞኙም ብልሁም አጥርቶ ያውቃል ባይ ናት። ስለዚህ ደንበኛው ገና ከመቀመጡ «የማይፈልጉትን ይንገሩኝ» ትለዋለች። ባልና ሚስት ከመጡ ደግሞ አንድ ላይ አትጠይቅም። ባልየውን ፓስፖርቱን ኮፒ አስደርጎ እንዲመጣ ወደ ጎረቤት ትሰደውና ሚስትየዋን ታናዝዛለች፤ ባል ሲመለስ ሚስት በተራዋ የረሳችው ገጽ ይገኝባታል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት እንደ ሸኚዋ የሚወደው ጎረቤት የለውም።

አንድ ጊዜ አንድ ኮንትራክተር ከባለቤቱ ጋር መጣ። የሰውየው ምኞት ተራራ ላይ ሙሉ ቤት ተከራይቶ፣ ንጹሕ አየር እየሳቡ፣ እዚያው እያበሰሉ መብላት ነው። ኮፒ ሊያስደርግ ሲወጣ ሚስትየዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገችና «እህቴ፣ ድስት የሌለበት ቦታ ካለሽ ገደል አፋፍም ቢሆን ላኪኝ» አለች። ሸኚዋ ተራራውንም አየሩንም ለሰውየው ሰጠችው፤ ማድቤቱን ብቻ አስቀረችበት። ሰውየው እስከ ዛሬ ያ ቤት ማድቤት የሌለው በአጋጣሚ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም እየሳቁ ተመልሰው መጡ።

በዓለም ላይ ደሟን የሚያፈላው «ከስልኬ ላይ ራሴ ጨረስኩት» የሚል ሰው ነው። ከመንገድ ማዶ ያለው የጥርስ ሐኪም የጫጉላ ጉዞውን ራሱ አቅዶ፣ ሁለተኛው አውሮፕላን የሚነሳው የመጀመሪያው ሳያርፍ መሆኑን ያስተዋለው ሠርጉ ሲቃረብ ነበር። ላብ አጥምቆት ሮጦ መጣ። አስተካከለችለትና ከበሩ ሳይወጣ «ዶክተር፣ እኔ መንጋጋዬን በጉጠት ራሴ ብነቅለው ምን ይሉኝ ነበር?» አለችው። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም፤ ብቻውን የሚያቅድም እንደዚሁ ሁሉ ነገር የተሳካለት ይመስለዋል፣ መናኸሪያ ላይ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገጩን በእጁ እስኪይዝ ድረስ። ይህን ንግግር ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ይህች አገር ምድሩን የምትጠይቅ ሴት አንድ ሰው ሳትጠይቅ ኖራለች። እሷም ታላቅ እህቷ ናት።

እናታቸው ስትሞት ሸኚዋ ገና ፊደል አልለየችም፤ እህቷ ግን ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። አጥባ፣ አበጥራ፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት እሷ ናት። «ሚጣ» ብላ የጠራቻትም እሷ ናት፤ ሚጣ አሁን ፀጉሯ ሸብቶ መነጽር አድርጋለች፣ ስሟ ግን አላደገም። እህቷ ለትዳር ስትጠየቅ «ቆይ፣ ሚጣ ትምህርቷን ትጨርስ» አለች። ሚጣ ስትጨርስ ጠያቂው ሌላ አግብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል የልብስ ንጽሕና ክፍል ተቀጥራ አንሶላ ስታጥፍ ኖረች። አባታቸው ግማሽ ጎናቸው ዝሎ አልጋ ሲይዙ፣ ቀን የበሽተኛውን፣ ሲመሽ የአባቷን አንሶላ ማጠፍ ሆነ ኑሮዋ። ሸኚዋ ባል አግብታ ከተማው ማዶ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራፍሬ አንጠልጥላ ትመጣለች፣ አባቷን ትስማለች፣ ስልኳ ሲጮህ ትወጣለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሥራ የሚበዛባት ልጅ ናት። አልጋ ላይ ለሚጠብቅ ሰው ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን አባትየውን መጠየቅ ነው።

እህቷ ጡረታ የወጣች ዕለት ሸኚዋ «ዓለሟን አሳያታለሁ!» ብላ ተነሳች። ከዚያች ጠባብ ቢሮ ከወጣው ጉዞ ሁሉ ምርጡን ሠራችላት። ባሕር ዳርቻ ያለ ትልቅ ሆቴል፣ ቁርስ አልጋ ድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ማሳጅ፣ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ሙዚቃ። ለአባታቸው ጎበዝ ነርስ አነጋገረች። ክፍሉ ሁለት አልጋ ያለው ነው፤ አንዱ የእህቷ፣ ሌላው የራሷ። የማትፈልገውን አልጠየቀቻትም። «እኔ የማላውቃትን ማን ያውቃታል?» አለች ለራሷ። ይህን ቃል ደንበኛ ቢናገረው ጆሮውን ይዛ ባስወጣችው ነበር።

ቅዳሜ ወረቀቶቿን በፎልደር ይዛ ሄደች። እህቷ መስኮቱ ስር አባታቸውን እየላጨች ነበር።

«እታለም፣ እስቲ ቁጭ በይ። አንድ ነገር ላሳይሽ።»

«ቆሜ አያለሁ። ጉንጫቸው ላይ ነኝ።»

ሸኚዋ ሥዕሎቹን አልጋው ጫፍ ላይ ደረደረችና ለደንበኛ እንኳ ባልተናገረችው አንደበት ተናገረች። አባትየው በአረፋ እንደተሸፈኑ በአንድ ዓይናቸው ሆቴሉን ያያሉ። እህቷ ምላጩን እየነከረች ሁሉንም ጥርት አድርጋ ሰማች።

«ያምራል» አለች። «የኔ እናት፣ ስንት ለፍተሽበታል! እኔ ግን መንገዴን ጨርሻለሁ።»

«ምን ጨርሰሻል?»

«ጉዞዬን ነዋ። ሐይቁ መሀል ያለችዋ ደሴት። ሐሙስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጀልባ፤ ሰኞ መመለስ። ቤት የምታከራየዋን ሴትዮ በስልክ አገኘኋት። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ አሁንማ ሳንደዋወል አንውልም።»

«በማን በኩል ያዝሽው?»

«በራሴ።»

«ሚጣ፣ ተቀደምሽ» አሉ አባትየው ከአረፋው ስር።

ሸኚዋ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «አይተሽው የማታውቂው ቦታ! አይተሻት የማታውቂያት ሴትዮ! ክፍሉ ደረጃ አለው? ጉልበትሽን ረስተሽዋል? ሐኪም አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ?»

«ስደርስ አየዋለኋ።»

«ስደርስ አየዋለሁ ይባላል? ከማን ጋር ነው የምትሄጂው ደግሞ?»

«ከቦርሳዬ ጋር።»

ፎልደሯን ሰብስባ ወጣች። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ብቻዋን እያወራች ስለሄደች ሁለት ሰው መንገድ ለቀቀላት።

ተናዳ ነበር፤ የሙያ ንዴት። ቤቷ ድረስ የተከተላት ግን ንዴቱ አልነበረም። የእህቷን ውለታ የምትመልስበት አንድ የምታውቀው መንገድ ይኸው ነበር። ለሰው ሁሉ የምትችለውን ነገር ለእህቷ አንድ ጊዜ ማድረግ፤ ይህንን ስታስብ ነበር ዘመኑ የሄደው። እህቷ ደግሞ ያንኑ አንድ መንገድ ከእጇ ወሰደችባት። ከእንግዲህ ወደዚያ ቤት ምን ይዛ ነው የምትሄደው? ብርቱካን? ፈራች።

ሰኞ ቢሮዋን ከፍታ መጀመሪያ የደወለችው ለጀልባ ጽሕፈት ቤቱ ነው። የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚይዘውን ሰው፣ የሕይወት ጃኬቱን ሳይቀር ጠየቀች። ሰውየው ሊዘጋ ሲል «በነገራችን ላይ እሁድ አንሠራም» አለ። እሁድ ሙሉ ቀን ወደ ደሴቲቱ የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም። ሸኚዋ ስልኩን አስቀምጣ እጇን አጨበጨበች። መውጫ የሌለው ቦታ ደንበኛ አታስቀምጥም፤ ይህ የሥራዋ የመጀመሪያው ሕግ ነው። እህቷ ልትታገት ነው፣ እሷ ደግሞ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ደስ ብሏታል። እናም ሳታፍር ደስ አላት።

በማግስቱ እህቷ ራሷ ቢሮ መጣች። በዚያ ሁሉ ዓመት ምሳ አድርሳ ስትወጣ እንጂ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አታውቅም። አሁን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«አባባ ጋ ማን አለ?»

«ጎረቤት። ቶሎ መመለስ አለብኝ።»

ሸኚዋ እህቷ እጅ ልትሰጥ የመጣች መሰላት። ስለዚህ ሻይም ሳታዝላት «እታለም፣ እሁድ ጀልባ የለም!» አለች። «ደውዬ አረጋግጫለሁ። ሙሉ ቀን! ቢያምሽስ? አባባ ቢብስባቸውስ? በምን ትመጫለሽ፣ በዋና?»

«አውቃለሁ» አለች እህቷ።

«ምኑን?»

«እሁድ ጀልባ እንደሌለ። ሴትዮዋን መጀመሪያ የጠየቅኋት እሱን ነው። ጀልባ የማይኖረው መቼ ነው? አልኳት። እሁድ አለችኝ። እንግዲያው እሁድን የሚጨምር ይሁንልኝ አልኳት።»

ሸኚዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሚጣ፣ እኔ እኮ ዕድሜዬን በሙሉ ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራ ላይ እጠራለሁ፣ እመጣለሁ። ገበያ ላይ እጠራለሁ፣ ዘንቢሌን ጥዬ እመጣለሁ። ዘመድ ሲታመም እኔ፣ ሲወልድ እኔ፣ ሲጣላም ለማስታረቅ እኔ። እየመጣሁም እኮ አልጠላሁትም። ግን አንዲት ቀን፣ ብጠራም መምጣት የማልችልበት ቦታ መዋል አማረኝ። ባሕሩን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። ያቺን ቀን ነው የፈለግኋት።»

ጎረቤት የኮፒው ማሽን ይንኳኳል። ሸኚዋ ብዙ ሰው ያናዘዘች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን ከማንም ሰምታ አታውቅም። መላሿም እህቷ ሆና ተገኘች። የሥራ ልማዷ ቀድሟት «ሌላስ የማትፈልጊው ምንድን ነው?» የሚል ቃል ከአፏ ወጣ።

እህቷ የቦርሳዋን ማሰሪያ ነካካች። «አንቺ እንድትመጪ አልፈልግም።»

አመማት። አልሰማሁም ብትል በወደደች። ወረቀት ፍለጋ መሳቢያዋን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

«ከፋሽ?»

«ኧረ አልከፋኝም።»

«ከፍቶሻል። ሲከፋሽ መሳቢያ ትከፍቻለሽ። ስሚኝ፣ አብረን ከሄድን በልታ ይሆን፣ በርዷት ይሆን ስል ነው የምውለው። ጠላት ሆነሽብኝ አይደለም። ልጄ ሆነሽብኝ ነው።»

ሸኚዋ ዓይኗን ጠረገች፣ ተናደደችም፣ ሳቀችም። «ታዲያ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ? ሁሉን ጨርሰሽ የለ?»

«አንድ ነገር ቀርቶኛል። እሱን ስልክ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም።» እህቷ ቀና ብላ አየቻት። «በኔ ቦታ ተቀመጪልኝ።»

«ነርስ አነጋግሬያለሁ እኮ! ዲፕሎማ ያላት፣ ትሕትናዋ...»

«ነርስ ከሆነች ስልኬን ሳይ ነው የምውለው። አንቺ ከሆንሽ አጠፋዋለሁ።»

ሐሙስና ዓርብ የምትሸኛቸው ደንበኞች ነበሯት። ቅዳሜ የምታገባ ሙሽራ ደግሞ በየሰዓቱ ትደውልላታለች። ሸኚዋ በልቧ ይህን ሁሉ ደረደረችና እህቷን አየቻት። እህቷ አልለመነችም፣ አላባበለችም፤ እንደ ደንበኛ ተቀምጣ መልስ ትጠብቃለች።

«እሺ» አለች ሸኚዋ።

ሐሙስ መናኸሪያው ላይ ነገሩ ተገለባበጠ። ሁልጊዜ መካሪዋ ቀሪዋ ናት፤ አሁን ተጓዧ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ቀሪዋን ትመክራለች። «ሲላጩ ከግራ ጀምሪ። ሾርባ ላይ አታስቸኩያቸው። ጠዋት መስኮቱን ክፈቺላቸው፣ መንገደኛ ማየት ይወዳሉ። ካኮረፉ ተያቸው፣ ራሳቸው ይመለሳሉ።» ሸኚዋ ስለ ደረጃው፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ መድኃኒቷ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ አውቶቡሱ ቀደማት። እህቷ እየተጓዘች ዞራ አላየችም።

የመጀመሪያው ቀን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ሸኚዋ ለአባቷ ፕሮግራም አወጣችላቸው፤ ትራስ የሚስተካከልበት፣ እጃቸው የሚታሽበት፣ ሬዲዮ የሚሰሙበት ሰዓት። ሾርባውን አቅርባ፣ መድኃኒቱን አስከትላ፣ መጋረጃውን ከፍታ፣ መልሳ ዘግታ፣ በመሀል ለሙሽራዋ በስልክ መልስ ሰጠች። አባትየው አፋቸውን ገጠሙ።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ! ቀጥሎ ማሳጅ አለብን።»

«እኔ ጉብኝት ላይ አይደለሁም!» አሉ። ያ ጎናቸው ቢዝልም ቁጣቸው አልዛለም። «ቁጭ በይ እስቲ! አንቺ እዚህ ቤት ስትመጪ ሁልጊዜ ልትሄጂ የተነሳሽ ነው የምትመስይው።»

 ቅዳሜዎቿን ሁሉ አንድ ላይ ያመጡባት መሰላት። ስልኳን አጠፋች፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አባትየው ወዲያው አልበሉም፤ ኩርፊያም ክብር አለው። መንገደኛውን እያዩ፣ ያ ሰውዬ ጫማው ጠቦታል፣ ያቺ ሴትዮ ከባሏ ተጣልታ ነው የወጣችው እያሉ ቆዩና ማንኪያው ሲመጣ አፋቸውን ከፈቱ።

ዓርብ ስትላጫቸው ከቀኝ ጀመረችና ተቆጡ። ቅዳሜ ከግራ ጀመረች። እሁድ ዳቦ ልትገዛ በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ ብቻቸውን ልትተዋቸው አልሆነላትም፣ ጎረቤትም አልነበረም። ሱቁ ከበሩ ይታያል። እዚያው ደፍ ላይ ቆማ የእህቷ ኑሮ ምን እንደሆነ ገባት፤ ሲነገራት እንደምትሰማው ሳይሆን በእግሯ ገባት። በዚያ ሰዓት እህቷ ሐይቅ መሀል ማንም የማይጠራት ሰው ሆና ተቀምጣ ነበር። ሸኚዋ ለስንቱ ባሕርና ተራራ ስታድል ኖራለች፤ የዚያን ዕለት ያህል ሰው በትክክል ቦታው ደርሷል ብላ ያመነችበት ቀን አልነበረም። ቀሪውን የትናንት ዳቦ ሾርባ ውስጥ ነክረው በሉ። አባትየው «ይሄ ደግሞ ይሻላል» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ስልኳን መልሳ ከፍታ ሳህን ስታጥብ ጠራ። ከጀርባው ንፋስና የሰው ጫጫታ፣ የሞተር ድምፅም ይሰማል።

«ሚጣ» አለች እህቷ። «ጀልባው መጣ።»

«እሺ እታለም።»

«ሰው እየገባ ነው።»

«እሺ።»

ከዚያ ልዝጋው አላለችም፣ ደህና ናችሁ ወይም አላለችም። ሸኚዋ እጇ ሳሙና እንደነካ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሰው የሚፈልገውን አፍ አውጥቶ የማይናገርበትን ሰዓት ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ ነው። እህቷ ግን በሕይወቷ አንድ ነገር ለራሷ ጨምሩልኝ ብላ የማታውቅ ሰው ናት፤ አሁንም አትልም፤ ዝም ብላ ትሳፈራለች እንጂ።

«ጀልባው ይሂድ» አለች ሸኚዋ።

«ምን አልሽ?»

«ይሂድ ተይው፣ ነገም ይመጣል። አባባ ቁርሳቸውን በልተዋል፤ እኔም ተቀምጫለሁ።»